ዘጠነኛዋ ጀሪካን

ፎቶውን ምናልባት አይታችሁት ይሆናል። ገና በወጣች ፀሐይ፣ በሐዲድ ዳር፣ ሠላሳ የሚሆኑ ዕቃዎች ተሰልፈው ይታያሉ፦ ድንጋይ፣ የወተት ዕቃ፣ ቅርጫት፣ የልጅ ጫማ፣ ሸበጥ። ሰው የለም። ከሥሩ «የቢዮ ወረፋ» ይላል፤ ከጎኑ የእኔ ስም አለ። ብዙ ሰው ወዶት ነበር። ፎቶው ግን አንዲት ጀሪካን የምታህል ውሸት አለበት፤ ይህን የምጽፈውም በእሷ ምክንያት ነው።

በጊዜው በድሬዳዋ ለአንድ ጋዜጣ መሥራት ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ጎርፍ ዘግቤአለሁ፣ የገበያ ቃጠሎ ዘግቤአለሁ፣ ሰው እየጮኸብኝ ማስታወሻ ይዣለሁ። ባልደረቦቼ በረዶ ይሉኛል፤ በድሬ ሙቀት ይህ ስድብ አይደለም። የምኮራበት አንድ ነገር ነበረኝ፦ በዚያ ሁሉ ዓመት በእኔ ሥራ ላይ አንድም ማረሚያ ወጥቶ አያውቅም። ስም ሁለቴ አጣራለሁ፤ ቁጥር ሦስቴ።

በዚያ ነሐሴ የተላክሁት ስለ ጠዋቱ ባቡር እንድጽፍ ነበር። በአሮጌው ሐዲድ ላይ ሁለት ፉርጎ የሚጎትት ባቡር ከዳር ዳር መንደሮች ሰው እየለቀመ ከተማ ያስገባል። በወረቀት ላይ በቀን ሁለቴ፣ በአንድ ሰዓት ተኩልና በአራት ሰዓት፣ በቢዮ ያልፋል። በተግባር የመጀመሪያው ጢም ብሎ ይመጣል፤ ሁለተኛው ደስ ሲለው ይመጣል። በበጋ ሰው በመኪና ስለሚሄድ ብዙም አይጨነቅም። ክረምት ላይ ግን ደንገጎ ተራራ ላይ ሲዘንብ በቢዮና በድሬ መካከል ያለው አሸዋማ ወንዝ ይሞላል፤ መንገዱ ይቆረጣል፤ የሚሻገረው የብረት ድልድይ ያለው ባቡሩ ብቻ ይሆናል።

ቢዮ ትንሽ መንደር ናት። ሶማሌው ስሟ ውኃ ማለት ነው ይላል፤ ኦሮሞው አፈር ማለት ነው ይላል። ነሐሴ ላይ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

የሄድኩት ጎርፉ ሳይመጣ በዋዜማው በሕዝብ መኪና ነበር፤ ሌሊቱን ወንዙ ሞልቶ መንገዱ ተቆረጠ። እዚያው አድሬ ገና ሳይነጋ ፌርማታው ስደርስ አንድ ሰው ብቻ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አቶ ተሰማ ይባላሉ፤ ቢዮ ግን ሼፍ ነው የሚላቸው፤ በሐዲድ ሠራተኞች ፈረንሳይኛ አለቃ ማለት ነው። በወጣትነታቸው የሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ማንም ሳይሾማቸው የወረፋው ጠባቂ ሆነዋል። አማርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ኦሮምኛና የባቡር ፈረንሳይኛ ይናገራሉ።

የወረፋውን ሕግ እሳቸው ናቸው ያስረዱኝ። ሰው ማልዶ መጥቶ ዕቃ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ፍየሉን ሊያልብ፣ ልጁን ሊያበላ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አንድ ዕቃ አንድ ሰው ነው። ባቡሩ ሲደርስ ቲኬት ቆራጩ ስንት ሰው እንደሚችል ይናገራል፤ ሼፍ ከመጀመሪያው ዕቃ ጀምረው ይቆጥራሉ፤ የቀረው ይቀራል። የተቀመጠ ዕቃ ደግሞ አይነካም፤ ባለቤቱም ቢሆን ባቡሩ እስኪመጣ አያነሳውም።

«ሌባ የለም እዚህ?» አልኳቸው።

«ሌባ አለ እንጂ። ግን ሌባውም ወረፋ ይይዛል» አሉኝ።

ሰማዩ መቅላት ሲጀምር ሰዓዳ መጣች። ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ቀጭን ሴት ናት። ቢጫ ጀሪካን ከአንድ ጥቁር ሸበጥ ኋላ አስቀመጠችና የእንጨት በትር አጋደመችባት። ጀሪካኗ እሷ ናት፣ ዘጠነኛ። በትሩ አባቷ ናቸው፣ አሥረኛ። ለምን ወደ ከተማ እንደምትሄድ ስጠይቃት ከጉያዋ በላስቲክ የተጠቀለለ ካርድ አወጣች። አባቷን ሁለቱንም ዓይን ሞራ ጋርዷቸዋል። ሆስፒታል ውስጥ ለሦስት ቀን በነጻ የሚያክሙ ሐኪሞች መጥተዋል፤ የእሳቸው ተራ ዛሬ ነው፤ ዛሬ ደግሞ የመጨረሻው ቀን ነው። ከአምስት ሰዓት በፊት መድረስ አለባቸው።

«በትሩን እዚህ ተውሽው፤ በምን ይመጣሉ ታዲያ?» አልኳት።

«በእጄ» አለችኝ፤ አባቷን አቦ ትላቸዋለች። «አቦ ቀስ ነው የሚሄደው። ግማሽ ሰዓት ነው እስከ ቤት። አሁን ካልሄድኩ አልደርስም።»

ሁሉንም ጻፍኩ። ስሟን ሁለቴ አጣራሁ።

ቢዮ ላይ ስልክ የሚሠራው ከፌርማታው ራቅ ባለች ጉብታ ላይ ብቻ ነው። ሼፍ በየጠዋቱ ወደዚያ ወጥተው የቀደመው ፌርማታ ላይ ላለ ወዳጃቸው ይደውላሉ፤ ባቡሩ ምን ያህል እንደሞላ አስቀድመው ለማወቅ። ሲነሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጋዜጠኛዋ፣ ዓይንሽ ወረፋው ላይ ይሁንልኝ» አሉኝ።

እሺ አልኳቸው።

ፀሐይዋ ያን ጊዜ ወጣች። ብርሃኑ ከጎን መጥቶ እያንዳንዱን ዕቃ ረጅም ጥላ ሰጠው። ተንበረከክሁና አንድ ፎቶ አነሳሁ። ጥሩ ነበር፤ ግን ቢጫዋ ጀሪካን መሐል ላይ ጮኸችብኝ። ከኋላዋ ያለችውን የልጅ ጫማ ትሸፍናለች። እሷ ባትኖር ዓይን ከድንጋዩ ተነስቶ እስከ ሐዲዱ ድረስ ሳይደናቀፍ ይሄዳል።

ጀሪካኗን ከነበትሩ አነሳሁና ከጀርባዬ አኖርኩ። ሦስት ወይም አራት ፎቶ አነሳሁ። አንድ ደቂቃም አልፈጀብኝም። ከዚያ መለስኳት፤ ከጥቁር ሸበጥ ኋላ።

ወረፋው ላይ ሁለት ጥቁር ሸበጦች ነበሩ።

ሼፍ ሲመለሱ የመጣው ወሬ ጥሩ አልነበረም። ባቡሩ ከቀደመው ፌርማታ ሲነሳ ሰው በር ላይ ተንጠልጥሏል። መንደርተኛው እየመጣ በየዕቃው ኋላ መቆም ጀመረ። ሰዓዳ ከሩቅ ታየችኝ፤ አባቷን በክንዳቸው ይዛ እየመራች፤ እሳቸው ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ እግራቸውን ከማሳረፋቸው በፊት መሬቱን በጫማቸው ጫፍ ይዳስሳሉ። ሰው አዴር ዑመር እያለ ሰላም ይላቸዋል፤ አዴር በሶማሊኛ አጎቴ እንደማለት ነው።

ባቡሩ ገባ። ቲኬት ቆራጩ ሳይወርድ ጣቶቹን ዘረጋ። «አሥራ ሁለት። ከዚያ በላይ አንድ ሰው አልጨምርም።»

ሼፍ ቆጠሩ። ድንጋይ፣ የወተት ዕቃ፣ ቅርጫት... ስምንተኛው ጥቁር ሸበጥ ነበር። ዘጠኝ ሲሉ እጃቸው የልጅ ጫማ ላይ አረፈ። አሥራ ሁለት ሲሉ ሌላኛው ጥቁር ሸበጥ ላይ ደረሱ። ከእሱ ቀጥሎ ቢጫዋ ጀሪካን።

የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ጀሪካኗን የመለስኳት ከሌላኛው ሸበጥ ኋላ ነበር።

ሰዓዳ መጀመሪያ አልጮኸችም። የተሳሳቱ መስሏት ፈገግ ብላ፣ ዕቃዋ ስምንተኛ ከሆነው ከሃሊማ ሸበጥ ኋላ እንደነበረ ለሼፍ ነገረቻቸው። ሼፍ ጀሪካኗን አዩ፤ ሁለቱን ሸበጦች አዩ። ወረፋ ላይ ማን የት እንዳስቀመጠ በቃላቸው የሚይዙበት ዕድሜ አልፏል፤ እምነታቸው ዕቃው ላይ ነው። ዕቃ አልተነካም አሉ። እሷ ተነክቷል አለች። ከወረፋው መሐል አንዲት ሴት፣ «ሼፍንም ከአዴር ጋር ሐኪም ቤት ውሰዱት አቦ፤ ሞራ ሳይዘው አልቀረም» ስትል ሳቅ ሆነ። ሌላው ግን ሳይስቅ፣ ሽማግሌው ስንት ተቀብሎ ይሆን አለ።

ሼፍ ይህን ሰምተው ኮፍያቸውን አወለቁ። በአማርኛ ማሉ፤ በሶማሊኛ ማሉ፤ በኦሮምኛ ማሉ፤ በመጨረሻ በዚያ በባቡር ፈረንሳይኛቸው ማሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ነበርሽ እዚህ። ማን መጣ?»

«ማንም አልመጣም» አልኩ።

ልብ በሉ፤ ቃሉ እውነት ነው። ማንም አልመጣም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር መጻፍ የተማርኩት ለዚህች ቀን ይመስል፣ አንድም ስሕተት በሌለበት ዓረፍተ ነገር አንድ ሽማግሌ አስዋሸሁ።

ቲኬት ቆራጩ ሁለተኛው በአራት ሰዓት ይመጣል ብሎ ሰዓዳን አጽናናት። ከዚያ ጋዜጠኛዋ ከእኔ ጋር ትቆማለች አለና እጁን ዘረጋልኝ። ቦታዬን ልልቀቅ ብዬ አላሰብኩም ብል እዋሻለሁ። አሰብኩ። አባትየውን ጫኑልኝ፣ ልጃቸው ትምራቸው፣ እኔ ልቅር ብል፣ ቲኬት ቆራጩ አንድ ሰው ቢከብደውም እሺ ሳይል አይቀርም ነበር። ግን ለምን ትቀሪያለሽ ተብዬ ብጠየቅ ምን እላለሁ? እጁን ያዝኩና ወጣሁ።

ባቡሩ ሲንቀሳቀስ አዴር ዑመር ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዙረው ቆመው ነበር። ሰዓዳ በትሩን ከጀሪካኗ ላይ አንስታ እጃቸው ላይ አደረገችላቸው።

ፉርጎው ውስጥ መተንፈሻ የለም። የሰው ክርን ጎኔ ላይ፣ የወተት ዕቃ እግሬ ላይ። አጠገቤ የቆመችው የሁለተኛው ሸበጥ ባለቤት ነበረች። ዛሬ ቀናኝ ትላለች፤ አሥራ አራተኛ ነኝ ብላ ነበር፣ ለካ ቀድማ ኖሯል። ደስታዋ ንጹሕ ነበር። ካሜራዬን ወደ ደረቴ አስጠግቼ ከፈትኩ። የመጀመሪያው ፎቶ፦ ጀሪካኗ በዘጠነኛ ቦታ፣ በትሩ ላይዋ። ሁለተኛው ፎቶ፦ ጀሪካን የለም። ልዩነታቸው ጎን ለጎን የተቀመጡ ያህል ግልጽ ነበር። የብረት ድልድዩን ስንሻገር ወንዙ ከሥራችን ቡናማ ሆኖ ዛፍ ይዞ ይሄዳል።

ድሬ ለገሃር ጣቢያ እንደወረድኩ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ሄድኩ። ካርድ የምትቀበለውን ነርስ አግኝቼ፣ ዑመር የሚባሉ ሰው በሁለተኛው ባቡር እየመጡ ነው፣ እባክሽ ጠብቂልኝ አልኳት። ዘመድሽ ናቸው ወይ አለችኝ። አዎ አልኩ። ሐኪሞቹ ከሰዓት ስለሚሄዱ እስከ ስድስት ሰዓት ብትጠብቅላቸው እንጂ ከዚያ በላይ እንደማትችል ነገረችኝ። ቃሏን ጠብቃለች፤ ይህን ልመሰክርላት ይገባል።

አራት ሰዓት ላይ ለገሃር ተመለስኩ። ሁለተኛው ባቡር አልተነሳም። ሞተሩ እምቢ ብሏል፤ አንድ ሠራተኛ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ዛሬ ይቅርብሽ፣ ነገም እንጃ አለኝ። ሼፍ ጋ ደወልኩ። ጉብታው ላይ አልነበሩም፤ ስልኩ አይጠራም።

ከቀፊራ ገበያ ባጃጅ ያዝኩና ወንዙ ድረስ ውሰደኝ አልኩት። ልጁ እየሳቀ ወሰደኝ። ዳሩ ላይ ስንደርስ ሞተሩን አጠፋው። መሻገር ይቻል እንደሆነ ጠየቅሁት።

«እህቴ፣ የያዝኩት ባጃጅ ነው፤ ጀልባ ከፈለግሽ ጅቡቲ ሂጂ» አለኝ።

ወንዙን እያየሁ ቆምኩ። ማዶው ባዶ ነበር። ሰዓዳና አባቷ ከዚያ ማዶ፣ ከዚያም ብዙ ርቀው፣ ፌርማታው ላይ ተቀምጠው የማይመጣ ባቡር ይጠብቃሉ። ስድስት ሰዓት እዚያው ዳር ላይ ቆሜ አለፈ። ወደ ሆስፒታሉ ስመለስ ሐኪሞቹ ዕቃቸውን መኪና ላይ እየጫኑ ነበር።

ጽሑፉን በዚያው ዕለት ጻፍኩ። ስለ መጨናነቁ፣ ስለ ሞተሩ፣ ስለ ቀሩት ሰዎች። የሰዓዳን አባት ታሪክም አስገባሁ። ሁሉም እውነት ነው። አርታኢዬ የፎቶዎቹን አቃፊ ከፍቶ ጀሪካን የሌለበት ላይ ቆመ። ይኸኛው ፊት ገጽ ነው አለ። «የቢዮ ወረፋ» ብዬ ርዕሱን ጻፍኩለት።

ባቡሩ ሁለት ቀን አልሠራም። በሦስተኛው ቀን፣ ከከተማ ወደ መንደሮቹ ገና በጨለማ ሲወጣ ተሳፍሬ ቢዮ ወረድኩ። ሁለቱን ፎቶዎች አሳትሜ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ።

ፌርማታው ላይ አንድም ዕቃ አልነበረም። ሰዎቹ ራሳቸው ተሰልፈው ቆመዋል። ሴቶች ሕፃን አዝለው፣ ገሚሶቹ መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ እርስ በርስ በዓይን እየተጠባበቁ። ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደቆሙ ስጠይቅ፣ ከመጀመሪያው አዛን በፊት አሉኝ። ፍየሎቹን ማን ያልባል ብዬ አልጠየቅሁም። የሼፍ በርጩማ የለም።

ቤታቸው አገኘኋቸው፤ የተሰበረ መጥረቢያ እጀታ ያበጃሉ። ተነስተው መቀመጫ ሰጡኝ። ፎቶዎቹን አውጥቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩ። ጣታቸው በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ከድንጋዩ ጀምሮ ቆጠረ፤ ዘጠኝ ላይ ቆመ። ሁለተኛው ላይም ቆጠረ፤ ዘጠኝ ላይ ቆመ።

«አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ።»

ይሰድቡኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉ።

«አራት ቋንቋ እችላለሁ» አሉ። «በአራቱም አስማልሽኝ። አሁን በየትኛው ነው የማወራቸው?»

አብረን ወደ ፌርማታው ሄድን። ባቡሩ ተመልሶ ሳይደርስ ለተሰለፈው ሰው ያደረግሁትን ተናገርኩ፤ ሼፍ በሶማሊኛና በኦሮምኛ አስረዱልኝ። የራሳቸውን ንጽሕና በራሳቸው አፍ እንዲተረጉሙ አደረግኋቸው። የቀለደችባቸው ሴት አንገቷን ደፋች። ጉቦ ተቀብሏል ያለው ሰው ወደ ሐዲዱ ማየት ጀመረ። ሃሊማ፣ የመጀመሪያው ሸበጥ ባለቤት፣ ሸበጧን ከእግሯ አውልቃ መሬት ላይ አስቀመጠችና ከሰልፉ ወጣች። ሌሎች ግን አልተከተሏትም። ቆመው ቀሩ።

ሰዓዳ ከሰልፉ አልነበረችም፤ የምትሄድበት ጉዳይ አልቋል። ቤቷ ድረስ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆማ ሰማችኝ። ስጨርስ፣ «ለእኔ አይደለም፤ ለእሱ ንገሪው» አለችና መንገድ ለቀቀችልኝ።

አዴር ዑመር ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ በትሩ ጉልበታቸው ላይ ነው። ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ከዚያ፣ «ፎቶው ጋዜጣ ላይ ወጣ?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኩ።

«ምን ይመስላል?»

መጀመሪያ አልገባኝም። እንድነግራቸው ነው የፈለጉት። ቁጭ አልኩና የመጀመሪያውን ፎቶ ጭኔ ላይ አድርጌ ከዳር ጀመርኩ። አንደኛ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፣ ከሰል የተቀባ። ሁለተኛ የወተት ዕቃ። ሦስተኛ ቅርጫት፣ እጀታው የተሰበረ። እያንዳንዱን ስነግራቸው የማን እንደሆነ ይነግሩኛል፤ መንደራቸውን በዕቃው ያውቁታል። ስምንተኛ ጥቁር ሸበጥ። የሃሊማ ነው አሉ። ዘጠነኛ ቢጫ ጀሪካን፤ ላይዋ ላይ በትር ተጋድሟል።

እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ያለውን በትር ዳሰሰ።

«አሁን ቦታዋ ላይ ናት» አሉኝ። «የምንፈልጋት ያኔ ነበር።»

ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ከብዙ ወራት በኋላ ሌሎች ሐኪሞች መጡ። እኔው ራሴ በመኪና ወስጃቸዋለሁ። ግራ ዓይናቸው አሁን ያያል። ቀኙ ግን ዘግይቷል አሉ። ያችን ቀን ደርሰው ቢሆን ኖሮ ይድን ነበር ወይ ብዬ ሐኪሙን ጠየቅሁት። ሊድንም ላይድንም ይችል ነበር፣ ማንም እርግጡን አይነግርሽም አለኝ። የጋዜጠኛ ሥራ እርግጡን ማወቅ ነው፤ ይህን ግን እስከ ዛሬ አላውቀውም።

እናንተ አንባቢዎቼ ባቡሩ በቂ ቢሆን ኖሮ ልትሉኝ ትችላላችሁ። ሦስተኛ ፉርጎ ቢኖር፣ ሁለተኛው ሞተር ቢነሳ፣ አንዲት ጀሪካን የማንንም ዓይን ባልወሰነች ነበር። እኔም ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። እውነት ነው። «ማንም አልመጣም» እንዳልኩት ዓይነት እውነት። ቦታ በጠበበበት ነው ሰው ዕቃ የሚያሰልፈው፤ ቦታ በጠበበበት ነው የሌላው ዕቃ የማይነካው። እኔ ስለ ጥበቱ ልጽፍ ሄጄ ጥበቱ የቆመባትን አንዲት ሕግ አፈረስኩ።

ዛሬም ዘጋቢ ነኝ። ለፎቶ ብዬ መንገድ ላይ የወደቀች ወረቀት እንኳ አላነሳም፤ ወጣት ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። ቢዮ ላይ ከሃሊማ ሸበጥ ኋላ ዕቃ ማስቀመጥ የጀመሩ አሉ፤ ሁሉም ግን አይደሉም። ሼፍ በርጩማቸውን መልሰዋል። ስልክ ለመደወል ሲነሱ ግን ለማንም አደራ አይሰጡም፤ ጀርባቸውን ለጉብታው ሰጥተው፣ ወረፋውን እያዩ፣ ወደ ኋላ እየረገጡ ነው የሚወጡት።

ከቢዮ በተመለስኩ ጊዜ ማረሚያ ጽፌ ለአርታኢዬ ሰጥቼው ነበር። ለአንዲት ጀሪካን ማረሚያ አይወጣም ብሎ መለሰልኝ። ወረቀቱን አልጣልኩትም። እንዲህ ይላል፦

በነሐሴ ወር፣ በፊተኛው ገጻችን በወጣው «የቢዮ ወረፋ» በተሰኘው ፎቶ ላይ ዘጠነኛው ዕቃ የልጅ ጫማ ሆኖ ይታያል። ዘጠነኛዋ ቢጫ ጀሪካን ነበረች። አሥረኛው በትር ነበር። ከቦታቸው ያነሳቻቸው ጋዜጠኛዋ ናት።